ገንዘቡና ቀኑ ያልተቆረጠ የመንግሥት ቃል በከተማ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት ወይ?

የዕቅድ ባለሙያ (ክር ከፋች)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

በአንድ መካከለኛ ከተማ አስተዳደር በዕቅድና በጀት ሥራ ላይ ለዓመታት ቆይቻለሁ። ለውይይት የማቀርበው ጉዳይ የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ ማዘጋጀት በጀመርን ቁጥር የሚገጥመን ነው። ከክልል ወይም ከፌዴራል የመጡ የሥራ ኃላፊዎች ሕዝቡን በአዳራሽ ሰብስበው ያነጋግራሉ፤ ነዋሪው መንገድ፣ ውኃና መብራት ይጠይቃል፤ ከመድረኩም ጥያቄው ተገቢ እንደሆነ፣ መንግሥት በትኩረት እንደሚያየውና ደረጃ በደረጃ እንደሚመለስ ይነገረዋል። ይህ መልስ በቃለ ጉባኤ ላይ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ተብሎ ይሰፍራል፤ ከቃለ ጉባኤው ወደ ከተማው የካፒታል ዕቅድ (የግንባታና የመሠረተ ልማት ሥራዎች ዕቅድ) ይሸጋገራል፤ እዚያም በገንዘብ ምንጭ ዓምድ ሥር «ከመንግሥት የሚጠበቅ» ተብሎ ይሞላል። ስንት ብር እንደሆነ፣ በየትኛው በጀት ዓመት እንደሚለቀቅ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚከፍለው ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አይገኝም።

ቃሉ ሳይፈጸም ቢቀር ብቻ ኖሮ ጉዳቱ ቅሬታ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ከተማው ያልመጣውን ገንዘብ ተማምኖ በእጁ ያለውን ገንዘብ ማውጣቱ ነው። እኔ በምሠራበት ከተማ ከመናኸሪያው እስከ ጤና ጣቢያው የሚዘልቀው መንገድ አስፋልት እንደሚለብስ ቃል ተገብቶልን ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ከራሱ ገቢ ለአጥርና ለቤት ካሳ ከፈለ፣ የውኃ መስመሩን አዛወረ፣ ግሬደር ተከራይቶ ነባሩን ኮብልስቶን አስነሣ። የተነሣው ድንጋይ በግራና በቀኝ ተከምሮ እንዳለ ክረምቱ ገባ። ባለሱቆቹ በተቆፈረው ቦይ ላይ ጣውላ አጋድመው ደንበኛ ሲያስገቡ ከረሙ፤ ባጃጅም ወደ ጤና ጣቢያው መግባት ስላልቻለ ሕመምተኛ ከመናኸሪያው ጀምሮ በሰው ትከሻ ይወሰድ ነበር። ሁኔታውን ጠቅሰን ስንጽፍ የደረሰን መልስ ፕሮጀክቱ በዓመቱ በጀት እንዳልተያዘ የሚገልጽ ባለሁለት መስመር ደብዳቤ ነው። ካሳ የተከፈለው ገንዘብ ለሁለት ሰፈሮች የጎርፍ ማስወገጃ ተይዞ የነበረ ነው።

ስለዚህ መጠኑ፣ ዓመቱና ከፋዩ በጽሑፍ ያልተገለጸ ቃል በዕቅድ ውስጥ እንደ ገቢ እንዳይያዝ፣ በእሱም ተመክቶ ካሳ እንዳይከፈልና ቁፋሮ እንዳይጀመር መከልከል አለበት ብዬ አምናለሁ። የእናንተ ልምድ ምን ይላል?

ሒሳብ ሹም

በክር ከፋቹ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ጉዳቱ ለምን በማዘጋጃ ቤቱ ገቢ ላይ እንደሚያርፍ ግን ከሒሳቡ በኩል ማሳየት እፈልጋለሁ። አንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ያስተዳድራል። አንደኛው ከክልሉ በጥቅል ድጎማ የሚመጣውና ከመደበኛ ግብር የሚሰበሰበው ሲሆን፣ ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ደመወዝ፣ በጠቅላላው የመንግሥት ለሚባሉት አገልግሎቶች ይውላል። በዚህ ገንዘብ ውስጥ ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ ከንቲባው ቢፈልግ እንኳ ወደ መንገድ ሊያዞረው አይችልም። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ የራሱ ገቢ ነው፦ የሊዝ ክፍያ፣ የቦታ ኪራይ፣ የቤት ግብር፣ የቄራ፣ የገበያና የመናኸሪያ አገልግሎት ክፍያዎች። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ማስወገጃ፣ የመንገድ መብራት፣ የቆሻሻ ማንሣት ሥራ ሁሉ የሚሸፈነው ከዚህ ነው። እንግዲህ ከላይ ያልተጨበጠ ቃል ሲመጣ የሚነካው ይኸው ብቻ ነው፤ እንደ ልብ የሚዘዋወር ሌላ ገንዘብ ስለሌለ።

የሊዝ ገቢም በየዓመቱ እኩል አይገባም። ጨረታ ሲወጣ ይመጣል፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ይጠፋል። አንድ ከተማ በደህና ዓመት የሰበሰበውን ለማይመጣ ፕሮጀክት ቅድመ ዝግጅት ካዋለው፣ ያንን ገንዘብ የሚተካለት መሬት ደግሞ ላይኖረው ይችላል።

ጠበቃው

ሕጉ ምን ይላል ለሚለው ጥቂት ልበል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 94 የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በሕግ የተሰጧቸውን ተግባራት ለማከናወን የሚያስፈልገውን ወጪ በየበኩላቸው እንደሚሸፍኑ ይደነግጋል፤ የተለየ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ክልሎች በውክልና ለሚፈጽሙት ሥራ የሚያስፈልገውን ወጪም ውክልናውን የሰጠው ወገን ይሸፍናል። መርሑ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የሚናገረው በፌዴራልና በክልል መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። ከተሞችን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 ከተጠቀሰችው በስተቀር፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ከማዘዙ ባለፈ ዝርዝሩን ለክልሎች ትቶታል። ስለዚህ የአንድ ክልል ከተማ ከፌዴራል ባለሥልጣን ቃል ሲገባለት፣ ያንን ቃል ይዞ የሚጠይቅበት ቀጥተኛ የሕግ መሥመር የለውም። ጥያቄው በክልሉ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ክልሉ ደግሞ ቃሉን አልሰጠም።

ካሳን በተመለከተ ክር ከፋቹ ያነሣው ነገር ከዚህ በኋላ የበለጠ እንዲከብድ የሚያደርግ ለውጥ ተደርጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ እንዴት እንደሚከፈል የሚወስን ነበር። በ2016 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ለፌዴራል መሠረተ ልማት የሚነሡ ሰዎች ካሳ መሠረተ ልማቱ በሚያልፍባቸው ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች እንዲሸፈን ተወስኗል። በዚህ ሁኔታ «የፌዴራል መንገድ በከተማችሁ ያልፋል» የሚለው ቃል በራሱ ወጪ የሚያስከትል ሆኗል። መንገዱ መቼና ምን ያህል ስፋት ኖሮት እንደሚያልፍ ሳይታወቅ ክልሉ የካሳውን ሸክም ለከተማው ቢያካፍለው፣ ከተማው ስንት ብር መያዝ እንዳለበት እንኳ ማስላት አይችልም። ቃል በጽሑፍ ይሁን ማለት ትሕትና የጎደለው ጥያቄ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል

የእናንተን ስጋት ባከብርም በአንድ ነገር አልስማማም። በከተማ ምክር ቤት ውስጥ ባገለገልኩበት ዘመን እንዳየሁት፣ ያልተቆረጠ ቃል ሁሉ ከንቱ አይደለም። በአካባቢያችን ዛሬ አገልግሎት የሚሰጠው የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ የተጀመረው ቁጥር በሌለው የመድረክ ቃል ነው። ከንቲባው ያንን ቃል በዕቅዱ ውስጥ ስላሠፈረው፣ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ ስለጠቀሰው፣ ክልሉም በመጨረሻ በጀት ሲደለድል ከተማውን አስታወሰው። በጽሑፍ ካልተሰጠን አንቀበልም ያለ ከተማ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ ወደ ጎረቤቱ ይሄድ ነበር። ከዚህም ሌላ ከንቲባ የሚሾመው ከላይ በሚመጣ ፈቃድ ጭምር መሆኑን እናውቃለን፤ ለሾመው አካል «ቃልህን በደብዳቤ አረጋግጥልኝ» ብሎ መጻፍ በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም በሥራ ላይ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሣ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህ የእኔንም ሐሳብ ሊያዳክም ይችላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ባሉት ከተሞች የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ዘመናቸው የተራዘመ ወይም በሌላ ሰው የተተኩ አባላት በምክር ቤቱ ተቀምጠው ሥራ አስፈጻሚውን በብርቱ ሊጠይቁ የሚችሉበት አቅም ደክሟል። ነዋሪው ያልመረጠው ምክር ቤት ስለ ቃል አፈጻጸም ቢጠይቅ፣ በማን ስም ነው የሚጠይቀው?

የዕቅድ ባለሙያ

የቀድሞው የምክር ቤት አባል ያነሡት የውኃ ጉድጓድ ምሳሌ ቁም ነገር አለው፤ ቃሉን ጨርሶ እንጣለው ማለቴ አይደለም። የምለው ጥያቄውና ገቢው በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ እንዳይደባለቁ ነው። ከተማው ከመንግሥት የሚጠይቃቸውን ነገሮች በሙሉ በተለየ መዝገብ ይያዝ፤ በየሩብ ዓመቱም ያስታውስ፤ ይህ እርስዎ ያሉትን ጥቅም ያስገኛል። የበጀት ሰነዱ ላይ ግን የሚሰፍረው የተረጋገጠ ገንዘብ ብቻ ይሁን። በእርስዎ ከተማ ውኃው ሲዘገይ ያባከነው ነገር አልነበረም፤ በእኛ ግን መንገዱ ፈርሶ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መንገድ መሐንዲስ

በዚህች አገር ለከተሞች የሚገባ ቃል እንዴት ቁርጥ ያለ ሊሆን እንደሚችል በተግባር ስላየሁ ልምዴን ላካፍል። በ2000 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረውና በተለምዶ ዩኤልጂዲፒ የምንለው የከተሞች ልማት ፕሮግራም በ19 ከተሞች ነበር የጀመረው። በ2006 ዓ.ም. ሁለተኛው ምዕራፍ በ380 ሚሊዮን ዶላር ሲጸድቅ ከተሞቹ 44 ደረሱ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ዩአይአይዲፒ የሚባለው ተተኪው በ600 ሚሊዮን ዶላር 117 ከተሞችን ይዞ ተነሣ። የገንዘቡ ብዛት አይደለም ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው። ከተማው የሚደርሰው ገንዘብ አስቀድሞ በታወቀ ስሌት ይወሰን ነበር፤ ለማግኘት መሟላት ያለባቸው ግዴታዎችም ተጽፈው ነበር። ሒሳቡ በኦዲት መመርመር ነበረበት፤ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ማቅረብ ነበረበት፤ ከራሱ ገቢም የድርሻውን ማዋጣት ነበረበት። በየዓመቱ ገለልተኛ መዛኞች መጥተው ፋይሉን አንድ በአንድ ያዩ ነበር።

ያንን ምዘና ከማልረሳበት ምክንያት አንዱ፣ አንድ ዓመት እኔ በነበርኩበት ከተማ የኮብልስቶን ሥራው በጥራት ተጠናቆ ሳለ የርክክብ ሰነዱ ፋይል ውስጥ ባለመገኘቱ ነጥብ መቀነሳችን ነው። በወቅቱ ብዙዎቻችን ተቆጥተን ነበር። ሆኖም ነጥቡ ለምን እንደተቀነሰ በጽሑፍ ተነገረን፣ ቅሬታ የምናቀርብበት ጊዜ ተሰጠን፣ በቀጣዩ ዓመት ሰነዱን አሟልተን ገንዘቡን አገኘን። ቃል ሰጪው ምን እንደሚሰጥ ያውቅ ነበር፤ እኛም ምን እንደሚጠበቅብን እናውቅ ነበር። በዚያ ገንዘብ የተሠሩትን የኮብልስቶን መንገዶችና የጎርፍ ቦዮች ዛሬም በየከተማው ሄዶ ማየት ይቻላል፤ በጥርብ ድንጋይ ሥራ ተደራጅተው የነበሩት ወጣቶችም ክፍያቸው መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ቡድናቸውን ሳይበትኑ ይጠብቁ ነበር። ባልተቆረጠ ቃል ላይ የተጀመረ ሥራ በመጀመሪያ የሚበትነው እነዚህን ልጆች ነው።

ስለዚህ መንግሥታችን ቁርጥ ያለ ቃል መግባት አይችልም የሚለውን አልቀበልም። የውጭ አበዳሪ ሲጠይቀው ከቻለ፣ የራሱ ከተማ ሲጠይቀው የማይችልበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።

ከትንሿ ከተማ

መሐንዲሱ የጻፉት እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኛ ከተማ ከ117ቱ ውስጥ አልነበረችም። እንደኛ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ገንዘብ ያዥና ጥቂት ሠራተኞች ይዘው ነው የሚውሉት። የካፒታል ዕቅድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የለንም፤ ሊዝ በጨረታ ቢወጣም ተጫራች የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ዋናው ገቢያችን የቅዳሜ ገበያና የከብት ተራ ቀረጥ ነው። የፕሮግራሙን ግዴታ የማሟላት አቅም የሌለን እኛ በስሌቱ ስላልተካተትን የቀረን የመድረኩ ቃል ብቻ ነው፤ ጥያቄ ብናበዛ ደግሞ እሱንም እናጣለን ብለን እንፈራለን። በጽሑፍ እንጠይቅ የሚለው ምክር ጽሕፈት ቤት ላለው ከተማ ይሠራል። እኛን የሚመለከት መፍትሔ ካላችሁ በጥሞና እሰማለሁ።

ከዋሺንግተን ዲሲ

በውጭ የምንኖር የአንድ አካባቢ ተወላጆች በልማት ማኅበር ተደራጅተን ለትውልድ ከተማችን ገንዘብ እናሰባስባለን። ይህ ጉዳይ እኛንም በቀጥታ ይነካናል። ከዓመታት በፊት የጤና ተቋም ሕንፃውን መንግሥት እንደሚገነባ፣ እኛ ግን የሕክምና ዕቃውን እንድናሟላ ተጠየቅን። የጠየቁን የአገር ሽማግሌዎችና የአስተዳደሩ ሰዎች በቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፤ እነሱም ከላይ የተነገራቸውን ነው ያስተላለፉት። ዕቃውን ገዝተን፣ በመርከብ አስጭነን፣ በጉምሩክ አስወጥተን አደረስን። ሕንፃው አልተጀመረም። አልጋዎቹና መመርመሪያዎቹ በአንድ መጋዘን ውስጥ በሸራ ተሸፍነው ሲቀመጡ የአንዳንዱ የዋስትና ጊዜ አለፈበት። ከዚያ በኋላ አባላት መዋጮ ሲጠየቁ የሚያነሡት የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ሆነ፤ ያመኑን ሰዎች ናቸው፣ ልወቅሳቸው አልችልም።

ዛሬ ማኅበራችን የመንግሥት ድርሻ በበጀት መያዙን የሚያሳይ ሰነድ ሳይደርሰው ገንዘብ አይልክም። መጀመሪያ አስተዳደሩ ቅር ብሎት ነበር፤ በኋላ ግን አንድ የወረዳ ኃላፊ ይኸው ውሳኔያችን ወደ ላይ ሲጠይቁ እንደረዳቸው በስልክ ነግረውኛል። «ተወላጆቹ ሰነድ ካላዩ አንልክም ብለዋል» ማለት ለእሳቸው «እኔ ሰነድ እፈልጋለሁ» ከማለት የተሻለ ነበር። ትንሿ ከተማም ይህን መንገድ ብትሞክረው፣ ተወላጅ የሌለው ከተማ የለምና፣ ሊጠቅማት ይችላል።

ሒሳብ ሹም

ወደ ቁጥር ልመለስ፤ የተቆረጠ መጠን ያለው ቃልም ቢሆን ዋጋው ሊሸረሸር እንደሚችል መታወቅ አለበት። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ሆኖ ሲጸድቅ ለክልሎች ድጎማ ወደ 222.7 ቢሊዮን፣ ለዘላቂ ልማት ግቦች ማስፈጸሚያ ደግሞ 14 ቢሊዮን ተይዞ ነበር። ይህ ሁለተኛው ርዕስ በ2016 በጀትም 14 ቢሊዮን ነበር። የ2017 በጀት በጸደቀ በሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ 2016 ላይ፣ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ሬንጅና የማሽን መለዋወጫ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ በሰኔ ለአንድ የውኃ መስመር የተመደበ ብር በመስከረም ያንኑ መስመር ላይጨርሰው ይችላል። የምንጠይቀው ደብዳቤ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የዋጋ ጭማሪ ቢመጣ ልዩነቱን ማን እንደሚሸፍን መግለጽ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ልዩነቱ ሁልጊዜ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ነው የሚወርደው።

አሁን ደግሞ በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅ ስለጸደቀ ከተሞች የራሳችሁን ገቢ አሳድጉ መባላቸው አይቀርም። በሐሳቡ አምናለሁ። ግን ከነዋሪው ቤት ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ላልተቆረጠ ፕሮጀክት ቅድመ ዝግጅት ከዋለ፣ ነዋሪው ሁለተኛ ለመክፈል ፈቃደኛ አይሆንም፤ ሊሆንም አይገባም።

የቀድሞ የምክር ቤት አባል

ጥያቄውንና በጀቱን መለየት የሚለውን የዕቅድ ባለሙያውን ሐሳብ እቀበላለሁ። ከዋሺንግተን የተጻፈውም ከንቲባን ሳያጋፍጥ ሰነድ የሚጠየቅበትን መንገድ ስላሳየኝ አመሰግናለሁ። በእኔ እምነት ግን ደብዳቤው በከንቲባው ፊርማ ብቻ መውጣት የለበትም። ምክር ቤቱ «ማረጋገጫ ሳይገኝ ከማዘጋጃ ቤት ገቢ ለቅድመ ዝግጅት ወጪ አይደረግም» የሚል ውሳኔ አስቀድሞ ቢያሳልፍ፣ ከንቲባው የግል ድፍረቱን ሳይሆን ያንን ውሳኔ ነው የሚጠቅሰው።

የዕቅድ ባለሙያ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሐሳባችሁ ላይ ተመሥርቼ ለምክር ቤታችን ለማቅረብ ያዘጋጀሁት የደብዳቤ ረቂቅ የሚከተለው ነው፤ ለትንሿ ከተማም ባለበት ሊያገለግል ስለሚችል ሙሉውን አስቀምጣለሁ።

«በከተማችን በተካሄደው ሕዝባዊ ውይይት ስለተገለጸው ፕሮጀክት ከልብ እያመሰገንን፣ የከተማው ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ከማዘጋጃ ቤት ገቢ የካሳና የቦታ ዝግጅት ወጪ ማድረግ የምንችለው ፕሮጀክቱ የተያዘበት የበጀት ዓመትና ርዕስ፣ የተፈቀደው የገንዘብ መጠን፣ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት፣ እንዲሁም የዋጋ ልዩነት ቢከሰት የሚሸፍነው አካል በጽሑፍ ሲገለጽልን ስለሆነ፣ ይኸው እንዲላክልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ምላሹ እስኪደርሰን ድረስ ፕሮጀክቱን በጥያቄ መዝገባችን ላይ አስፍረን የምንጠባበቅ መሆናችንን እናሳውቃለን።»

ጠበቃው

ረቂቁ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር እንዲታከልበት እመክራለሁ። የውይይቱ ቀንና የቃለ ጉባኤው ቁጥር ይጠቀስ፤ አለበለዚያ የትኛው ቃል እንደሆነ አናውቅም የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ግልባጩም ለክልሉ ፋይናንስ ቢሮና ለክልሉ ዋና ኦዲተር ይላክ። ነገ ማዘጋጃ ቤቱ ለምን ወጪ አደረገ ወይም ለምን አላደረገም ተብሎ ሲጠየቅ ደብዳቤው በኦዲተሩ እጅ ይገኛል።

ከትንሿ ከተማ

ረቂቁን ገልብጬ ወስጃለሁ። የእኛ የበጀት ጥያቄ ወደ ክልል ከመሄዱ በፊት የምክር ቤቱ ጉባኤ ስላለ፣ ውሳኔውን በዚያ አስይዤ ደብዳቤውን ከበጀት ጥያቄው ጋር አያይዤ እልካለሁ። በከብት ተራው አጠገብ ሊሠራ ቃል የተገባልን ድልድይ አለ፤ ለእሱ የተያዘውን የካሳ ገንዘብ እስከዚያው ድረስ እንዳይነካ አሳስቤያለሁ።